የኢንተርቪው ከባድ ጥያቄዎች ላይ እንዳትንተባተቡ፣ ከደብተር ጀምሮ እስከ መውጫው በር

አንድ ኢንተርቪው ላይ «ደካማ ጎንህ ምንድነው?» ተባልኩና፣ ኢንተርኔት ላይ አንብቤ የሸመደድኩትን «ስራ ፍጹም ካልሆነ አይዋጥልኝም፣ ችግሬ እሱ ነው» የሚለውን ፈጠን ብዬ አወረድኩት። ጠያቂዋ ፈገግ አለችና «ጥሩ፣ እስቲ ይሄ ጠባይህ ስራ ያበላሸበትን አንድ ቀን ንገረኝ» አለችኝ። ባዶ። ጣራ አየሁ፣ ውሃ ጠጣሁ፣ «እ... ብዙ ጊዜ...» ብዬ ጀመርኩና እዛው ቀረሁ። ስራውን አላገኘሁም፣ እውነቱን ለመናገር እኔም በሷ ቦታ ብሆን እኔን አልቀጥርም ነበር።

ኋላ ላይ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ከጠረጴዛው ወዲያኛው በኩል ተቀምጬ ሰው መጠየቅ ጀመርኩ፣ ያኔ ነው የገባኝ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ሁሉም ሰው ይመልሳል፣ ተለማምዶበታላ። ሰው የሚወድቀው ሁለተኛው ላይ ነው፣ «እሺ ከዛስ?»፣ «አንቺ በግልሽ ምን አደረግሽ?»፣ «አሁን ቢሆን ምን ትቀይሪያለሽ?» ሲባል። የተሸመደደ መልስ ተከታይ የለውም፣ ሲያልቅ ያልቃል። የምር የደረሰባችሁን ነገር ግን አስር ጊዜ ቢቆፍሩት ሁሌ የሚወጣ ነገር አለው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ዝግጅት በሙሉ ለዛ ለሁለተኛው ጥያቄ ነው። አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶና ሶስት ምሽት ይበቃችኋል። ኢንተርቪው ነገ ጠዋት ከሆነባችሁ 2ኛውንና 5ኛውን ብቻ ስሩ፣ ሌላውን እለፉት።

1. ማስታወቂያውንና ሲቪያችሁን እንደ ጥያቄ ወረቀት አንብቡ

የስራ ማስታወቂያው ላይ ያለው እያንዳንዱ መስመር ጥያቄ ነው፣ ተገልብጦ ነው የተጻፈው። «በጫና ውስጥ መስራት የሚችል» ካለ «ስራ ተደራርቦብህ የነበረበትን ጊዜ ንገረን» ይመጣል። «ከተለያዩ ክፍሎች ጋር ተቀናጅቶ» ካለ ስለ ጸብ ሊጠይቋችሁ ነው፣ በትህትና ቢሆንም። «ለዝርዝር ነገር ትኩረት የሚሰጥ» ካለ ደግሞ እዛ ቦታ ላይ ከናንተ በፊት የነበረ ሰው የሆነ ነገር አበላሽቷል ብላችሁ ጠርጥሩ። እያንዳንዱን መስመር ወደ ጥያቄ ቀይራችሁ ደብተር ላይ ጻፉ፣ ከ6 እስከ 10 ጥያቄ ይወጣችኋል።

ከዛ ሲቪያችሁን አምጡና እንደማያውቃችሁ፣ እንዲያውም ትንሽ እንደማይወዳችሁ ሰው ሆናችሁ አንብቡት። ስራ ያልነበራችሁበት 8 ወር የት ነው? 4 ወር ብቻ ሰርታችሁ የወጣችሁበት ቦታስ? የተማራችሁትና የሰራችሁት ለምን አይገናኝም? እነዚህን በቀይ አክብቡ። አያዩትም ብላችሁ የምትመኙትን ነው መጀመሪያ የሚያዩት።

2. ሰባት ታሪክ ሰብስቡ

ዋናው ስራ እዚህ ነው፣ አንድ ሙሉ ምሽት ስጡት።

«እስቲ አንድ ጊዜ እንዲህ የሆነበትን ንገረን» የሚለው አጠያየቅ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ጆን ፍላናጋን የሚባል አሜሪካዊ የስነ ልቦና ሰው በሁለተኛው የአለም ጦርነት ጊዜ ለአየር ኃይሉ ሲሰራ፣ ሰዎችን ስለ ጥሩ አብራሪ ያላቸውን አስተያየት ከመጠየቅ ይልቅ በአይናቸው ያዩትን አንድ የተወሰነ አጋጣሚ፣ ምን እንደተደረገና ምን እንዳስከተለ ማስተረክ ይሻላል ብሎ መረጃ ይሰበስብ ነበር፣ ዘዴውን በ1954 እ.ኤ.አ. ጽፎ አወጣው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ሌሎች ያንኑ ሀሳብ ለቅጥር ጥያቄ አዋሉት። ሀሳቡ ቀላል ነው፣ ሰው ስለ ራሱ የሚያወራው ብዙ ነው፣ ያደረገው ግን የተወሰነ ነው፣ ስለዚህ ያደረገውን ጠይቅ።

እና እናንተም ያደረጋችሁትን ይዛችሁ ሂዱ። ሰባቱ እነዚህ ናቸው፦ የተሳሳታችሁበት፣ ከስራ ባልደረባ ጋር የተጋጫችሁበት፣ ከአለቃችሁ ጋር ያልተስማማችሁበት፣ ጊዜ አልበቃ ያለበት፣ ማንም ሳይጠይቃችሁ ያስተካከላችሁት ነገር፣ ምንም የማታውቁትን ነገር ቶሎ የተማራችሁበት፣ እና ለፍታችሁበት ያልተሳካ ነገር። ለእያንዳንዱ ግማሽ ገጽ። ቆንጆ አድርጋችሁ አትጻፉ፣ የሆነውን ብቻ ጻፉ፣ ማን ምን አለ፣ ስንት ሰዓት ነበር፣ ምን ታያችሁ።

«እኔ ጋ ታሪክ የለም» የሚል ሰው ብዙ ነው። አለ፣ ግን እናንተ ስራ ብላችሁ ስለማትቆጥሩት ነው። የድሮ ኢሜይልና ቴሌግራም ውስጥ ግቡና «ይቅርታ»፣ «አስቸኳይ»፣ «እናመሰግናለን» የሚሉ ቃላትን ፈልጉ፣ የረሳችሁት ሁሉ እዛ አለ። (ይሄን ዘዴ ለስንት ሰው እንደነገርኩ አላውቅም፣ ባዶ እጁን የተመለሰ አላየሁም።) አዲስ ተመራቂ ከሆናችሁ የቡድን አሳይመንት፣ የበጎ ፈቃድ ስራ፣ ቤተሰብ ስራ ማገዝ፣ ሁሉም ይሰራል። አንድ የቡድን አባል ጠፍቶባችሁ በሁለት ቀን የሱን ክፍል የሰራችሁበት ታሪክ ለጀማሪ ቦታ ከበቂ በላይ ነው።

3. ታሪኩን አሳጥሩት፣ «ተደረገ»ን ደግሞ አውጡት

ስታር የሚባለውን ቅርጽ ሰምታችሁ ይሆናል፣ ሁኔታው፣ የናንተ ኃላፊነት፣ ያደረጋችሁት፣ ውጤቱ። ጥሩ ነው፣ ግን ሰው ሁኔታውን ሲተርክ ጊዜው ያልቅበታል። ሁኔታና ኃላፊነት አንድ ላይ ከ3 አረፍተ ነገር አይብለጥ፣ ሰፊው ቦታ ለ«ያደረግኩት» ይሁን። በጠቅላላው ከ2 ደቂቃ ካለፈ ጠያቂው ወረቀቱን ማየት ይጀምራል።

አንድ የአማርኛ ችግር ደግሞ አለ። «ሪፖርቱ ተስተካከለ»፣ «ከደንበኛው ጋር ተነጋግረን ተፈታ»፣ «ተደረገ» እንላለን፣ ማን እንዳደረገው ቋንቋው ራሱ ይደብቅልናል። ጠያቂው ግን የሚያስገባው እናንተን እንጂ «ተደረገ»ን አይደለም። ደብተራችሁ ላይ «ተ» ብሎ የሚጀምር ግስ ባያችሁ ቁጥር ማነው ያደረገው ብላችሁ ጠይቁ፣ እናንተ ከሆናችሁ «አደረግኩ» በሉ፣ ሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ ስራውን ጥቀሱለት፣ የሰው ስራ ወስዶ መናገር ቶሎ ይነቃል።

ልዩነቱን በምሳሌ ላሳያችሁ። መጋዘን ውስጥ የሰራ ሰው እንበል፣ መጀመሪያ ሲናገር እንዲህ ነው፦

«አንድ ጊዜ ስቶክ ላይ ልዩነት ተገኝቶ ነበር፣ ከቲሙ ጋር ተነጋግረን ችግሩ ተፈትቷል፣ በአጠቃላይ ጥንቃቄ አደርጋለሁ።»

ይሄን ሰምቶ ጠያቂው ምን ይጻፍ? ምንም። ያው ሰው ደብተር ላይ ከሰራበት በኋላ ደግሞ፦

«ሲስተሙ 240 ካርቶን ይላል፣ መደርደሪያው ላይ ግን 212 ነው ያለው። ኃላፊዬ ቆጠራው ነገ ስለሚዘጋ በጉድለት መዝግበው አለኝ። አንድ ምሽት ስጠኝ አልኩትና የ3 ሳምንት የገቢ ደረሰኞችን ከሲስተሙ ጋር አንድ በአንድ ሳመሳክር 28 ካርቶን የያዘች አንዲት ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ገብታ አገኘኋት። ሁለተኛዋን ያስገባሁት እኔው ነበርኩ። ለኃላፊዬ ነገርኩት፣ ከዛ አይቲዎቹን ለምኜ ሲስተሙ አንድ የደረሰኝ ቁጥር ሁለት ጊዜ እንዳይቀበል አስደረግኩ። በቀጣዮቹ 4 ወራት ቆጠራ ላይ እንዲህ ያለ ልዩነት አልመጣም።»

ያቺን «ያስገባሁት እኔው ነበርኩ» የምትለዋን እዩዋት። ሰው ሊደብቃት ይፈልጋል፣ ታሪኩን የሚታመን ያደረገችው ግን እሷ ናት። ደግሞ አንዱ ታሪክ ለስንት ጥያቄ እንደሚሆን ቁጠሩ፣ ስለ ስህተት ቢጠየቅ ይሆናል፣ ከአለቃ ጋር አለመስማማት ይሆናል፣ ጊዜ ማጠር ይሆናል፣ ዝርዝር ነገር ላይ ትኩረትም ይሆናል። ለዛ ነው ሰባት የሚበቃው።

ቁጥር ከሌላችሁ አትፍጠሩ። «በፊት በየሳምንቱ ይደወልልን ነበር፣ ከዛ በኋላ በወር አንዴ» ማለትም ቁጥር ነው። የፈጠራችሁት ቁጥር «እንዴት ነው የለካችሁት?» ሲባል ይገላችኋል።

4. የታወቁትን አስቸጋሪዎች አንድ በአንድ

«ራስህን አስተዋውቅ» የህይወት ታሪክ አይደለም። አሁን ምን ትሰራላችሁ፣ ወደዚህ ያመጣችሁ አንድ ሁለት ነገር ምንድነው፣ ይሄን ቦታ ለምን ፈለጋችሁ፣ በዚህ ቅደም ተከተል በአንድ ደቂቃ ተኩል። ሙሉ በሙሉ በቃል ብትይዙት የሚፈቀድላችሁ ብቸኛው መልስ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ልብ የሚመታው መጀመሪያ ላይ ነው፣ አፋችሁ ራሱ እየሄደ ልባችሁ ይረጋጋል።

«ደካማ ጎንህ?» ላይ እንደኔ አትሁኑ። እውነተኛ ድክመት ምረጡ፣ ግን የስራው ልብ የሆነውን አይሁን (ሂሳብ ሰራተኛ «ቁጥር ያምታታኛል» አይልም መቼም)። አንድ የጎዳችሁን ቀን ተናገሩ፣ አሁን ምን እንደምታደርጉ ጨምሩ። ለምሳሌ፦ «ስራ ለሌላ ሰው ማካፈል ይከብደኝ ነበር፣ አንድ ጊዜ ሁሉንም ራሴ ይዤ ሪፖርቱ 2 ቀን ዘገየ። አሁን ሰኞ ጠዋት ስራዎቹን ዘርዝሬ የማካፍለውን ቀድሜ እመርጣለሁ፣ አሁንም ግን አልፎ አልፎ እጄን ይበላኛል።» የመጨረሻዋን አታውጧት፣ ሙሉ በሙሉ ድኛለሁ የሚል ሰው አይታመንም። መፈተኛው ደግሞ ቀላል ነው፣ አብሯችሁ የሰራ ሰው ይሄን ቢሰማ «እውነትህን ነው» ይላል ወይስ ይስቃል?

«ለምን ለቀቅክ?» ሰውን በጣም የሚያስፈራው ይሄ ነው፣ በተለይ ተባረው ከሆነ። ሶስት ነገር አስታውሱ። አንደኛ አትዋሹ፣ ደውለው ሊጠይቁ ይችላሉ፣ ባይደውሉም ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ፊታችሁ ይናገራል። ሁለተኛ አጭር ይሁን፣ ሁለት ሶስት አረፍተ ነገር፣ ማብራሪያ በበዛ ቁጥር ክስ ላይ ያላችሁ ነው የሚመስለው። ሶስተኛ የድሮ አለቃን አትስደቡ፣ እውነትም ክፉ ቢሆን። ጠያቂው ያን ሰው አያውቀውም፣ የሚያስበው «ነገ ስለኔም እንዲህ ይላል» ብቻ ነው። እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «አሰናብተውኛል። ቦታው ብቻዬን ብዙ ደንበኛ መያዝ ይፈልግ ነበር፣ እኔ ደግሞ ያኔ ስራዬን በቅጡ አላደራጅም ነበር፣ ሁለት ጊዜ ቀን አሳለፍኩ። ከዛ በኋላ በሰራሁበት ቦታ ሁሉንም በካላንደር ነው የምይዘው፣ ከፈለጋችሁ እነሱን መጠየቅ ትችላላችሁ።» ብላችሁ ዝም በሉ። ዝም ማለቱ ነው የሚከብደው፣ ተለማመዱት። በሰራተኛ ቅነሳ ከወጣችሁ ደግሞ የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ «ክፍሉ ተዘጋ፣ 12 ሰው ወጣን» በሉና እለፉት።

ስራ ያልነበራችሁበት ጊዜም ያው ነው። ታማችሁ ከነበረ የበሽታውን ስም የመናገር ግዴታ የለባችሁም፣ «የጤና ጉዳይ ነበረብኝ፣ አልፏል፣ ይሄን ስራ ለመስራት የሚያግደኝ ነገር የለም» ይበቃል። ልጅ ወይም የታመመ ወላጅ ስትንከባከቡ ከነበረም እንደዛው በአንድ አረፍተ ነገር፣ ከዛ ወደ ስራው ተመለሱ።

«ከ5 አመት በኋላ ራስህን የት ታያለህ?» ለዚህ ብዙ አትጨነቁ፣ ጠያቂውም መልሱን አያስታውሰውም። የምትገቡበት ስራ የሚያስተምረውን አንድ ነገር ጠርታችሁ እሱ ላይ ጎበዝ መሆን እንደምትፈልጉ ተናገሩ። «የእርስዎ ወንበር ላይ» የሚለውን ቀልድ ግን ተዉት፣ ሁሉም ሰምቶታል።

ደሞዝ። ከቤት ሳትወጡ ሶስት ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ከዚህ በታች ከሆነ አልሰራም የምትሉት፣ የምትፈልጉት፣ እና ስትጠየቁ መጀመሪያ የምትጠሩት። ሶስተኛው ከሁለተኛው ከፍ ይላል፣ ያው ድርድር ነውና። የመጀመሪያውን ለማንም አትንገሩ። መጀመሪያ «ለዚህ ቦታ የያዛችሁት በጀት ከስንት እስከ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ካልነገሯችሁ ቁጥራችሁን ተናገሩና ዝም። ብዙ ሰው ቁጥሩን ጠርቶ ወዲያው «ግን መደራደር ይቻላል» ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው ራሱ ዋጋውን ቀነሰ ማለት ነው።

«እዚህ ክፍል ውስጥ ስንት የቴኒስ ኳስ ይገባል?» አይነት እንቆቅልሽ ድሮ በቴክኖሎጂ ካምፓኒዎች ፋሽን ነበር። ጉግል ውስጥ የሰው ኃይሉን ይመራ የነበረው ላዝሎ ቦክ ራሱ በ2013 እ.ኤ.አ. እነዚህ ጥያቄዎች ምንም አይተነብዩም፣ ጊዜ ማባከን ናቸው ብሎ በአደባባይ ተናግሯል፣ ግን አሁንም የሚጠይቅ አይጠፋም። ከመጣ መልሱን አትፈልጉ፣ ስሌታችሁን ጮክ ብላችሁ አስሉ፣ ርዝመት፣ ስፋት፣ ከፍታ፣ በመካከል የሚባክነው ቦታ፣ በቃ።

«አግብተሻል?»፣ «ልጅ ልትወልጂ አስበሻል?» የሚሉ ደግሞ አሉ፣ ብዙ አገር ውስጥ በዚህ ምክንያት ሰውን አለመቅጠር በህግ የተከለከለ ነው፣ ሆኖም ይጠየቃል። ከጥያቄው ጀርባ ያለውን ስጋት መልሱለትና እለፉ፦ «ጥያቄው ጉዞና ተጨማሪ ሰዓት ከሆነ እችላለሁ፣ በፊት የሰራሁበትም ቦታ እንደዛ ነበር።» ደጋግመው ከተመለሱበት ግን ስለ መስሪያ ቤቱ አንድ ነገር ነገሯችሁ ማለት ነው፣ እሱንም ደብተር ላይ ጻፉት።

የማታውቁት ነገር ሲመጣስ? «ትንሽ ላስብበት» በሉና አስቡ። 5 ሰከንድ ዝምታ ለናንተ ዘላለም ነው፣ ለጠያቂው ግን ማስታወሻውን የሚጨርስበት ጊዜ ነው። ካላወቃችሁም «ይሄን ሰርቼው አላውቅም፣ የማውቀው እስከዚህ ነው፣ ቢሰጠኝ መጀመሪያ እንዲህ አደርጋለሁ» በሉ።

5. አፍ አውጥታችሁ ተለማመዱ

በልብ መለማመድ መለማመድ አይደለም። ስልካችሁን ቅጂ ላይ አድርጉና አንዱን ታሪክ ተናገሩ፣ ከዛ ስሙት። ያስጠላል፣ አውቃለሁ፣ እኔ የመጀመሪያውን ቀን በ2 ደቂቃ ውስጥ 14 ጊዜ «ማለት ነው» ብያለሁ። «ያው»፣ «እንትን»፣ «ምናምን»፣ የናንተን ፈልጉና ቁጠሩ፣ በቦታው ዝም ማለት ይሻላል። ሶስት ጊዜ ቅዱት፣ በየጊዜው ቃላቱ ቢለያዩ አትደንግጡ፣ እንዲያውም መለያየት አለባቸው፣ ቃል በቃል አንድ አይነት ከሆነ መሸምደድ ጀምራችኋል። ደብተሩን ዝጉና ለእያንዳንዱ ታሪክ 4 ቃል ብቻ በትንሽ ካርድ ላይ ጻፉ፣ «240፣ ደረሰኝ፣ እኔው፣ አይቲ» እንደማለት።

ከዛ አንድ ሰው ያዙ፣ ጓደኛ፣ እህት፣ ማንም ይሁን፣ ስለ ስራችሁ ባያውቅ ይመረጣል። ስራው ታሪኩን ሰምቶ እነዚህን ብቻ መጠየቅ ነው፦ ከዛስ? ለምን? አንተ ራስህ ምን አደረግክ? ያ ሰውዬ ቢጠየቅ ምን ይል ነበር? አሁን ቢሆንስ? ሶስተኛው ላይ ከደረቃችሁ ታሪኩ አልበሰለም፣ ወደ ደብተሩ መልሱት ወይም ሌላ ምረጡ።

ኦንላይን ከሆነ ካርዱን ካሜራው አጠገብ ለጥፉት፣ ስክሪን ላይ ጽሁፍ ከፍታችሁ ግን አታንብቡ፣ አይን ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ ከወዲያ በደንብ ነው የሚታየው።

6. ክፍሉ ውስጥ

ብዙ ቦታ፣ በተለይ ፓነል ሲሆን (ብዙ ጠያቂ አንድ ላይ ሲቀመጥ)፣ ለሁሉም አመልካች አንድ አይነት ጥያቄ በአንድ ቅደም ተከተል ይጠየቅና በነጥብ ይሞላል። ይሄ በከንቱ አይደለም፣ ሽሚትና ሀንተር የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1998 እ.ኤ.አ. የብዙ አመት ጥናቶችን አንድ ላይ ሲያሰሉ እንዲህ የተደራጀ ኢንተርቪው ሰውየው በኋላ ከሚያሳየው የስራ ብቃት ጋር ያለው ዝምድና 0.51 ሲወጣ (0 ምንም ዝምድና የለም፣ 1 ሙሉ ዝምድና ነው)፣ እንደመጣ የሚወራበት ደግሞ 0.38 ነበር። እናንተን የሚመለከታችሁ ነገር ምንድነው፣ ሰዎቹ እየጻፉ ከሆነ አይናችሁን ስላላዩ አትከፉ፣ ነጥብ እየሞሉ ነው፣ ሊጻፍ የሚችል ነገር ስጧቸው፣ ቁጥር፣ ያደረጋችሁት፣ ውጤቱ። ጥያቄው ካልገባችሁም ድገሙልኝ ማለት ነጥብ አያስቀንስም።

መጨረሻ ላይ «ጥያቄ አላችሁ?» ይላሉ፣ ሁለት ይዛችሁ ግቡ። እኔ የምወደው «በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት የሚገባው ሰው ምን ቢሰራ ጥሩ ሰው ቀጠርን ትላላችሁ?» የሚለውን ነው፣ ምክንያቱም መልሳቸው ውስጥ የቦታው እውነተኛ ችግር ይወጣል፣ ካላችሁ ታሪክ ጋር የሚገጥም ከሆነ እዛው ጣል ታደርጉታላችሁ።

7. ስትወጡ

ቤት እስክትደርሱ አትጠብቁ፣ ከህንጻው እንደወጣችሁ የተጠየቃችሁትን ሁሉ ስልካችሁ ላይ ጻፉ፣ ያበላሻችኋትን ጥያቄ ኮከብ አድርጉባት። ማታ የምስጋና ኢሜይል ስትልኩ እሷን ማረም ይቻላል፣ ብዙ ሰው አይሞክረውም፦ «ስለ ዴድላይን ስትጠይቁኝ ጥሩ ምሳሌ አልሰጠሁም፣ በኋላ ያስታወስኩት ይሄ ነው» ብላችሁ በሶስት መስመር ታሪኩን አስቀምጡ። ከሶስት መስመር አይለፍ፣ ሁለት ጥያቄም አታርሙ፣ አንድ ብቻ።